የሰማህ ላልሰማ አሰማ፦ በፋልከንሪጅ ስልኮች ላይ የሚደርሱ አጫጭር መልእክቶች ሲመዘኑ

ብርዱ ከዜሮ በታች 30 የገባበት የጥር ምሽት ነበር። ከላይኛው ቤት የምትኖር ጎረቤቴ ስልኳን እንደያዘች ወደ ቤዝመንቱ ወረደችና፣ «እስቲ ይህን አንብብልኝ» አለችኝ። መልእክቱ ከመጣ ሦስት ቀን ሆኖታል። ልጇ በዚያን ዕለት ሁለት ክፍለ ጊዜ ከክፍል እንደቀረ በእንግሊዝኛ ይናገራል። «ልጁን ምንድን ነው ብዬ ስጠይቀው፣ ማስታወቂያ ነው ተይው አለኝ» አለች።

መልእክቱ ተልኳል፣ ደርሷል፣ ተከፍቷል፣ ተነቧል። በላኪው መዝገብ የጎደለ ነገር የለም። እናቲቱ ግን አልሰማችም። ይህን ዳሰሳ ያስጻፈኝ የዚያን ዕለት ፊቷ ላይ ያየሁት ድንጋጤ ነው።

የምዳስሰው ሥራ በመጽሐፍ አልተጠረዘም። በካናዳዋ ካልጋሪ ሰሜን ምሥራቅ፣ እኔ በምኖርበት በፋልከንሪጅ፣ በነዋሪው ስልክ ላይ የሚደርሱ የአገልግሎት መልእክቶች ናቸው፦ የአውቶቡስ ሰዓት የሚነግረው፣ አደጋ ሲመጣ የሚጮኸው፣ እርዳታ የት እንዳለ የሚጠቁመው፣ ልጅ ከክፍል ሲቀር የሚላከው። ጸሐፊዎቻቸው ስማቸውን አያኖሩም። አንባቢያቸው ግን ከስንቱ ልቦለድ አንባቢ ይበልጣል፤ ባለመነበባቸው የሚመጣው ጉዳትም እንዲሁ። ስለዚህ እንደማንኛውም ለሕዝብ የቀረበ ጽሑፍ ሊመዘኑ ይገባል።

መመዘኛዬን ያመጣሁት ከአገር ቤት ነው። ነጋሪት ይጎሰም በነበረበት ዘመን አዋጅ ነጋሪው ገበያ መሃል ቆሞ ቃሉን ሲያሰማ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይል ነበር። ገበያ ያልወጣ ሰው እንዳለ ያውቃል፤ የታመመ አለ፣ ከብት የሚጠብቅ አለ፣ አራስ ቤት ያለች አለች። ስለዚህ የሰማውን ሁሉ የአዋጁ ተሸካሚ ያደርገዋል። ከዚህ ልማድ ሦስት ጥያቄዎች አወጣሁ። መልእክቱ ለታሰበለት ሰው ይደርሳል? ሲደርስ ይገባዋል? ከገባው በኋላስ መልስ ሊሰጥበት ወይም ለሌላ ሊያሻግረው ይችላል? (የምጠቅሳቸው ዘመናት፣ ሌላ ካላልኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ ሁሉ «ፋል» የሆነ ሰፈር

ፋልከንሪጅ ከማክናይት ቡሌቫርድ በስተሰሜን ያለ ሰፈር ነው። ቴሪ ፎክስ፣ ግራንት ማክዩዋንና ቢሾፕ ማክናሊ የተባሉት ትምህርት ቤቶች እዚሁ ይገኛሉ። በአንድ መንገድ ላይ ፑንጃቢ፣ ታጋሎግ፣ ኡርዱ፣ አረብኛ፣ ትግርኛና አማርኛ ይሰማሉ። የመንገዶቹ ስም ደግሞ ከሰፈሩ ስም የተቀዳ ነው፦ ፋልሻየር፣ ፋልተን፣ ፋልሜር፣ ፋልስቢ። አዲስ የመጣ ሰው ቤቱን ለማግኘት ብዙ ይደናገራል፤ ለታክሲ ሹፌር አንዱን ፋል ሲናገር ሌላው ፋል ዘንድ ይወርዳል።

ካየኋቸው መልእክቶች ሁሉ የተሻለውን ያገኘሁት፣ ስሞች በሚያደናግሩበት በዚህ ሰፈር፣ ስም ከማይፈልገው አገልግሎት ነው። ካልጋሪ ትራንዚት በእያንዳንዱ የአውቶቡስ ማቆሚያ ምልክት ላይ ቁጥር ጽፏል። ያንን ቁጥር ወደ 74000 ቴክስት ሲያደርጉ የመስመሩ ቁጥርና ቀጣዮቹ አውቶቡሶች የሚመጡበት ሰዓት ይመለሳል። ዳታ አይጠይቅም፣ አፕ አይጠይቅም፤ ባለ ቁልፍ ስልክ ይበቃዋል። በዚያ ብርድ ውስጥ አውቶቡሱ ከ4 ደቂቃ በኋላ ወይም ከ24 ደቂቃ በኋላ መምጣቱን ማወቅ፣ ቤት ውስጥ ጠብቆ በመውጣትና ጣት እስኪደነዝዝ በመቆም መካከል ያለው ልዩነት ነው።

የዚህ አገልግሎት ውበቱ ከላይ እስከ ታች በቁጥር መናገሩ ነው። ጥያቄው ቁጥር፣ መልሱ ቁጥር። እንግሊዝኛ የማታነብ አያት የአውቶቡሷን መስመርና ሰዓቱን ታነባለች። ሁለተኛው ውበቱ ጠያቂው ራሱ ባለጉዳዩ መሆኑ ነው፤ የጠየቀው ሰው መልሱን በገዛ እጁ ይቀበላል፣ በመሃል የሚቆም አስተርጓሚ የለም። ሦስቱንም ጥያቄዎቼን ያለፈ መልእክት ይህ ነው። የጠባብ ጉዳይ መልእክት መሆኑን አልዘነጋሁም። የልጅን ነገር በቁጥር ብቻ መናገር አይቻልም። ቢሆንም ይህን የሠሩ ሰዎች መጀመሪያ ያሰቡት በብርድ የሚቆመውን ሰው እንደሆነ ያስታውቃል።

ስልኩ ሲጮህ

ሁለተኛው ሥራ ሳይጠሩት የሚመጣው ነው። አለርት ሬዲ የሚባለው የካናዳ የአደጋ ማስጠንቀቂያ ከሚያዝያ 6 ቀን 2018 ጀምሮ በእጅ ስልክ ላይ መተላለፍ ጀምሯል። አሠራሩ ከተራ ቴክስት ይለያል፦ ማስጠንቀቂያው ከአንቴና ማማዎች በአካባቢው ላለ ተስማሚ ስልክ ሁሉ በአንዴ ይረጫል። ምዝገባ የለም፣ የስልክ ቁጥር ዝርዝር የለም፤ ትናንት አውሮፕላን ማረፊያ የደረሰ ስደተኛም ይሰማዋል። በመድረስ ረገድ ከነጋሪት ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር አልተሠራም ብል አላጋነንኩም።

ሰሜን ምሥራቅ ካልጋሪ የዚህን ዋጋ በደንብ ያውቃል። ሰኔ 13 ቀን 2020፣ ቅዳሜ ምሽት፣ የቴኒስ ኳስ የሚያህል የበረዶ ድንጋይ ወርዶ የቤቶችን የውጭ ግድግዳ ልባስ (ሳይዲንግ) ወንፊት አደረገው፣ የመኪና መስተዋት አረገፈው። በኢንሹራንስ የተሸፈነው ጉዳት ብቻ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። በዓመቱ፣ በሰኔ 2021፣ ኢንቫይሮንመንት ካናዳ 7 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ስፋት ያለው በረዶ ወይም በሰዓት 130 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚነፍስ ነፋስ ያለበት ነጎድጓዳማ ዝናብ ሲመጣ በአለርት ሬዲ ማስጠንቀቅ ጀመረ። ነሐሴ 5 ቀን 2024 ደግሞ ሌላ የበረዶ መዓት ከተማዋን መታ፤ የመጀመሪያው ግምት ጉዳቱን ወደ 2.8 ቢሊዮን ዶላር አደረሰው።

መድረሱን መሰከርኩለት፤ መግባቱ ላይ ግን ጥያቄ አለኝ። ሰኔ 5 ቀን 2024 የካልጋሪን የታከመ ውሃ እስከ 60 በመቶ የሚሸከመው የቤርስፖው ደቡብ ዋና ቧንቧ ፈነዳ። በማግስቱ ጠዋት ስልኮች ጮኹ፤ ነዋሪው ውሃ እንዲቆጥብ ተነገረው። አፍልታችሁ ጠጡ የተባሉት የቦውነስ ሰፈር ሰዎች ብቻ ነበሩ። እንዲህ ያለውን መልእክት በግማሽ የሚረዳ ሰው ምን እንደሚያደርግ አስቡት። «ውሃ» እና «አስቸኳይ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ከለየ፣ በአገር ቤት ልምዱ ውሃ ሊጠፋ ነው ብሎ ድስቱንም ባልዲውንም ይሞላል። የተጠየቀው መቆጠብ፣ ያደረገው ተቃራኒው። በግማሽ የገባ ማስጠንቀቂያ አንዳንዴ ጨርሶ ካልገባው የባሰ ነው። አማርኛ ተናጋሪው ይህን ማስጠንቀቂያ በራሱ ቋንቋ አላገኘውም፤ የጎረቤቱ ልጆች እስኪተረጉሙለት ጠብቋል። የሰማህ ላልሰማ አሰማ የሚለውን ሥራ የሠሩት ልጆች ናቸው።

ድምፅ ሳይሰማ የሚጠየቅ እርዳታ

ካልጋሪ ባለችበት በአልበርታ ክፍለ ሀገር ወደ 211 መደወል ወይም «ኢንፎ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ወደዚሁ ቁጥር ቴክስት ማድረግ ይቻላል፤ የምግብ ባንክ፣ የኪራይ እርዳታ፣ የምክር አገልግሎት የት እንዳለ ይጠቁማሉ። ለልጆችና ለወጣቶች ደግሞ ኪድስ ኸልፕ ፎን በ686868 ሌትና ቀን ቴክስት ይቀበላል።

የእነዚህ ጥቅም የሚገባው ቤታችንን ለሚያውቅ ሰው ነው። ባለ ሁለት መኝታ ቤዝመንት ውስጥ ስድስት ሰው ይኖራል። ሴት ልጅ ስለ ጭንቀቷ በስልክ ብታወራ እናቷ ትሰማለች፣ አጎቷ ይሰማል፣ ነገ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል። ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና ስትጽፍ ግን ማንም አይሰማትም። ቤቱ የማይሰጣትን ምስጢር የሚጠብቅላት ይህ ዝምታ ነው። ስለዚህ ለተማሪ የሚሰጥ የጽሑፍ አገልግሎት የቅንጦት ነገር ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ጉድለቱ በወላጅ በኩል ይታያል። 211 ለሚደውል ሰው ከ150 በላይ ቋንቋዎች አስተርጓሚ ያገናኛል፤ አማርኛ ተናጋሪም ይጠቀምበታል። የጽሑፉ በር መክፈቻ ግን እንግሊዝኛ ቃል ነው። የኪራይ ገንዘብ ያጠረው አባት በሥራ ቦታው መደወል ሲከለከል፣ መጻፍ የሚችለው ደግሞ በአማርኛ ብቻ ሲሆን፣ ሁለቱም በሮች ይዘጉበታል።

«አልመጣም» ወይስ «አልመታም»?

አሁን ጎረቤቴን ያስደነገጠው መልእክት ጋ ደርሻለሁ። የትምህርት ቤቱ መልእክት ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ፣ ከሁሉም በላይ ተስፋ የማደርግበትም ነው።

የመጀመሪያው ችግር ከመነሻው ይጀምራል። ስኩል ሜሴንጀር የተባለውን ሥርዓት በሚጠቀሙ የካናዳ ትምህርት ቦርዶች፣ ወላጅ ቴክስት እንዲደርሰው ዋይ የምትለዋን የእንግሊዝኛ ፊደል ወደ 978338 ልኮ ፈቃዱን መስጠት አለበት። ፈቃድ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ የማንም ስልክ ያለ ፈቃዱ መጥለቅለቅ የለበትም። ነገር ግን ይህን የሚያስረዳው ወረቀት በእንግሊዝኛ ከሆነና በልጅ ቦርሳ ውስጥ ተጨማድዶ ከቀረ፣ ወላጁ እንደማይፈልግ ተቆጥሮ ይታለፋል። ብዙ ጊዜም ፎርሙን የሚሞላው ልጁ ነው፤ በእናቱ ቁጥር ፈንታ የራሱን ቢጽፍ የሚያጣራ የለም።

ሁለተኛው ችግር ልጁን በእናቱና በትምህርት ቤቱ መካከል ማቆሙ ነው። የጎረቤቴን ልጅ አልወቅስም። የ13 ዓመት ልጅ በራሱ ላይ የቀረበን ክስ በታማኝነት እንዲተረጉም ሲጠየቅ፣ የተጫነበት ነገር ከዕድሜው በላይ ነው። በአገራችን ልጅ ለሽማግሌ ደብዳቤ ሲያነብ ኖሯል፤ ደብዳቤው ግን ስለ ልጁ ጥፋት አልነበረም። እዚህ የእናት ሥልጣን በስልኩ በኩል ቀስ እያለ ወደ ልጁ ይተላለፋል፤ እሷም ሆነች እሱ ይህን አልፈለጉትም።

ሦስተኛው ችግር መልስ ነው። በአንድ ወቅት እኔው ራሴ ለእንዲህ ዓይነት መልእክት «ታሞ ነው» ብዬ ጽፌ መለስኩ። ቁጥሩ መልስ የማይቀበል ነበር። ትምህርት ቤቱ ዝም እንዳልኩ ቆጠረ፤ እኔ ደግሞ እንደነገርኳቸው አምኜ ተኛሁ። የሚናገር እንጂ የማይሰማ መልእክት ሁለቱንም ወገን እንዲህ ያሳስታል።

«ታዲያ ኮምፒዩተር ይተርጉመው» የሚል ይኖራል። ሦስት ወጥመዶች አሉበት። አንደኛው አክብሮት ነው። እንግሊዝኛው ወላጅን ሁሉ በአንድ ቃል ይጠራል፤ በአማርኛ ግን ልጅህ፣ ልጅሽ፣ ልጅዎ የተለያዩ ናቸው። ለ60 ዓመት አያት «ልጅህ» የሚል መልእክት ሲደርሳት፣ ስለ ልጁ ከመስማቷ በፊት መደፈሯን ትሰማለች። ሁለተኛው ሰዓት ነው። «ነገ ትምህርት በ2 ሰዓት ያበቃል» ቢላት፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነውና ግራ ትጋባለች፤ የታሰበው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ሦስተኛው ፊደል ነው። አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ በቴክስት የተለመደ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ስልኮች ፊደላችንን ስለማያውቁ የመጣ ልማድ ነው። በላቲን ሲጻፍ ግን «መጣ» እና «መታ» አንድ ይሆናሉ። ልጅዎ ዛሬ አልመጣም የሚለው፣ ልጅዎ ዛሬ አልመታም ተብሎ ሊነበብ ይችላል። በትምህርት ቤት መልእክት ውስጥ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

በግዕዝ ፊደል እንጻፍ ሲባል ደግሞ ቦታ ይጠባል የሚል መከራከሪያ ይነሳል። እስቲ እንቁጠረው። አንድ አጭር መልእክት 1,120 ቢት ይይዛል። የላቲን ፊደል በ7 ቢት ስለሚጻፍ 160 ፊደል ይገባል፤ የእኛ ፊደል በ16 ቢት ስለሚጻፍ 70 ብቻ። ከግማሽ በታች ይመስላል። ነገር ግን ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት ይይዛል፤ «ለ» ብለን በአንድ የምንጽፈው በላቲን ሁለት ነው። ይህን መልእክት እንመልከት፦

«ልጅዎ ዛሬ ጠዋት ትምህርት ቤት አልመጣም። የሚያውቁት ከሆነ 1፣ ካልሆነ 2 ብለው ይመልሱ።»

ክፍት ቦታውንና ነጥቡን ጨምሮ 57 ምልክት ነው። አክብሮቱ አለ፣ ጉዳዩ አለ፣ መልስ መስጫው አለ፤ 13 ቦታም ይተርፋል። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ፊደላት ሥርዓት ውስጥ በ1999 ከገባ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፏል፤ የዛሬ ስልኮች ያነቡታል። አይቻልም የሚለው ምክንያት አልቋል ማለት ነው።

የቋንቋው ብዛት ያሳስበናል የሚሉትን ወገኖች እረዳለሁ። በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ብዙ ቋንቋ አለ፤ ለእያንዳንዱ መልእክት ተርጓሚ መቅጠር አይቻልም። ነገር ግን የሚደጋገሙት ዓረፍተ ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ ልጅ ቀርቷል፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ስብሰባ አለ፣ አውቶቡስ ዘግይቷል፣ ይደውሉልን። እነዚህን ቋንቋውን በሚገባ የሚያውቅ ሰው አንድ ጊዜ ቢተረጉማቸው ለዓመታት ያገለግላሉ። ሥራው የአንድ ሳምንት ነው።

ከአገር ቤት የሚወሰድ ትምህርት

ስለዚህ ጉዳይ ኢትዮጵያ ለካልጋሪ የምታስተምረው ነገር አላት። በግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2014 የተጀመረው የ8028 መስመር ለአርሶ አደሩ ምክር የሚሰጠው በዋነኛነት በድምፅ ነው፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛን ጨምሮ። መስመሩን የቀየሱት ሰዎች አንድ ቁም ነገር አልሳቱም፦ ስልክ ያለው ሁሉ ማንበብ ይችላል ማለት አይደለም። በፋልከንሪጅም በማንኛውም ቋንቋ የማያነቡ እናቶች አሉ። ለእነሱ በአማርኛ የተቀዳ የ20 ሰከንድ ድምፅ ከየትኛውም ጽሑፍ ይበልጣል።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤትን በአጭር መልእክት ማየትም እንዲሁ የሚያስተምረው ነገር አለ። በ2016 ዓ.ም. (እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር) ፈተናውን ከወሰዱት 684,205 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያን የመሰለ ከባድ ዜና ተማሪው ወደ 6284 የራሱን የመለያ ቁጥር ልኮ፣ በራሱ ስልክ፣ ከማንም በፊት ሊያየው ይችል ነበር። ዜናው የሚያስለቅስ ቢሆንም ለባለቤቱ በቀጥታ መድረሱ ክብር ነው። ለሕዳሴው ግድብ ገንዘብ ለማዋጣት «ኤ» ብለን ወደ 8100 ስንልክም መልእክት የሚመጣው ከላይ ወደ ታች ብቻ እንዳልሆነ አይተናል፤ ተራው ሰውም በአንድ ፊደል ተሳትፏል።

መራራውንም ትምህርት አልደብቀውም። ከ2005ቱ ምርጫ በኋላ በኢትዮጵያ አጭር የጽሑፍ መልእክት ተዘግቶ፣ የተከፈተው በመስከረም 2007 በሚሌኒየሙ ዋዜማ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ለሰው አንዲት መስመር መላክ አልቻለም። ያን ዘመን ያሳለፈ ሰው ከመንግሥት ቢሮ ለሚመጣ መልእክት ቶሎ ልቡን አይከፍትም፤ ማን ነው የላከው፣ ለምን ቁጥሬን ያዘ ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ የካልጋሪ ተቋማት ምዝገባው አነሰ ብለው ከመደምደማቸው በፊት፣ ላኪው ማን እንደሆነ፣ ቁጥሩ ለምን እንደሚያገለግል፣ እንዴት ማቆም እንደሚቻል በቋንቋችን ሊነግሩን ይገባል። እምነት የሚገኘው እንዲህ ነው።

ሚዛኑ

ጠቅልዬ ስመዝን፣ መሣሪያው ትክክለኛ ነው። አጭር መልእክት ርካሽ ነው፣ በአሮጌ ስልክ ይሠራል፣ ሌሊት ከፋብሪካ የሚመለስ ወላጅ ባመቸው ሰዓት ያየዋል። የአውቶቡሱ አገልግሎት ከፍተኛ ነጥብ ያገኛል። የአደጋው ማስጠንቀቂያ በመድረስ ይመሰገናል፣ በመግባት ይጎድለዋል። የእርዳታ መስመሮቹ ለወጣቱ ተከፍተዋል፣ ለወላጁ በከፊል። የትምህርት ቤቱ መልእክት በላኪው ዘንድ ተሳክቶ በተቀባይዋ ዘንድ የወደቀ ሥራ ነው፤ ደግሞም በቀላሉ የሚታረመው እሱ ነው። የወላጅ ቁጥር ከወላጁ አንደበት ይመዝገብ፤ የሚደጋገሙት ዓረፍተ ነገሮች በሰው ይተርጎሙ፤ ማንበብ ለማይችል በድምፅ ይነገር፤ መልሱን የሚቀበል ሰው ይኑር። ከዚህ ያነሰ አልጠይቅም።

በእኛም በኩል የሚቀር ሥራ አለ። ያን ምሽት ከጎረቤቴ ጋር ተቀምጠን አንድ ወረቀት አዘጋጀን። በላዩ ላይ 74000፣ 211፣ 686868 እና የትምህርት ቤቱን ስልክ ቁጥር ጻፍን፤ ከእያንዳንዱ አጠገብ ለምን እንደሚያገለግል፣ ምን ተብሎ እንደሚላክ በአማርኛ አሰፈርን። «አማርኛ አስተርጓሚ እባካችሁ» የሚለውን በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚባል በፊደላችን ጻፍኩላት፤ ሦስት ጊዜ ጮክ ብላ አነበበችው። በማግስቱ ራሷ ትምህርት ቤት ሄዳ ቁጥሯን አስመዘገበች።

ወረቀቱ ማቀዝቀዣዋ ላይ ተለጥፏል። ባለፈው እሑድ ቡና ስትጋብዘን፣ ከፋልተን መንገድ የመጣች አንዲት እናት ሲኒዋን አስቀምጣ ተነሳች፣ ወረቀቱን ቀርባ አነበበች፣ ከዚያም ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳችው።